በካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሚሰጠው ትምህርተ ሃይማኖት፤ ተረቱና እውነታው

በለንደንና በሌሎቹ የእንግሊዝ አገር ታላላቅ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች፣ ልጃቸው ትምህርት ቤት የሚገባበት ጊዜ ሲቃረብ፣ በሰፈራቸው ካሉት ትምህርት ቤቶች መካከል በትምህርቱም በሥነ ሥርዓቱም የተመሰገነው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሆኖ ያገኙታል፤ ያን ጊዜም ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ተሰብስበው ልጁን እዚያ ማስገባት ይገባል ወይስ አይገባም እያሉ ሲመካከሩ፣ አንዱ «ሃይማኖቱን ያስለውጡታል» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ምን ክፋት አለው፤ እኛ ለሥራ ስንሯሯጥ ስለ እግዚአብሔር የሚያስተምሩልን እነርሱ ናቸው» ብሎ ይመልሳል። ለሰሚው ሁለቱ አሳቦች ፈጽሞ የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ሰው ግን የሁለቱም ምንጭ አንድ ስሕተት ነው፤ ይኸውም በክፍል ውስጥ ለሁሉም ልጆች በጋራ የሚሰጠውን ትምህርተ ሃይማኖት፣ ቤተ ሰብና ቤተ ክርስቲያን የገዛ ልጃቸውን በእምነት ከሚያሳድጉበት ከትምህርተ ክርስቶስ ጋራ አንድ አድርጎ መቍጠር ነው። እኔም ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ፈሪውም ተስፈኛውም ከመወሰናቸው አስቀድሞ ነገሩን በትክክል እንዲያውቁት በማሰብ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችን ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ያለን ግምት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነው። በአዲስ አበባ በናዝሬት፣ በቅዱስ ዮሴፍ ወይም በልደታ ካቴድራል ትምህርት ቤት የተማረ ሰው፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶም የእስልምናም ተከታዮች ልጆች በአንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲማሩ ማየቱን፣ የካቶሊክ እምነት ግን የክፍል ትምህርት ሆኖ ሲሰጥ አለማየቱን ያስታውሳል፤ ምክንያቱም በ1995 የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ስለሚደነግግ፣ በትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ሥነ ምግባር እንጂ ትምህርተ ሃይማኖት አይደለም። ስለዚህ «እኔም ካቶሊክ ትምህርት ቤት ተምሬ ምንም አልሆንኩም፤ ሃይማኖት እኮ አያስተምሩም» የሚለው አባት ስለ አዲስ አበባ እውነቱን ተናግሯል፤ ስለ ለንደን ግን ተሳስቷል።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ ሌላ ነው። በ1944 የወጣው የትምህርት ሕግ፣ በቤተ ክርስቲያን የተመሠረቱት ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ገንዘብ እየተረዱ የሃይማኖታቸውን ትምህርት ራሳቸው እንዲመሩ መብት ሰጣቸው፤ ዛሬም የእንግሊዝና የዌልስ ካቶሊካውያን ጳጳሳት ጉባኤ ከጠቅላላው የትምህርት ጊዜ ከመቶ አሥር እጅ ለትምህርተ ሃይማኖት እንዲሰጥ ያዝዛል። በሳምንት 25 ሰዓት የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንግዲህ ሁለት ሰዓት ተኩሉን ለዚህ ያውላል ማለት ነው፤ የጧት ጸሎትና የመዝሙር ልምምድም በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገቡም። ይህን የሚያህል ጊዜ የሚያገኙት እንደ ቋንቋና እንደ ሒሳብ ያሉ ዐበይት ትምህርቶች ናቸው።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ሰዓት የሚሠራው ሕፃናቱን ካቶሊክ የማድረግ ሥራ አይደለምን? ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ወላጆችን የሚያስጨንቅ ስለ ሆነ በአጭሩ ልናልፈው አይገባም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ሁለት ነገሮችን ለይታ ታስቀምጣለች። አንደኛው ትምህርተ ክርስቶስ ነው፤ ይህም ያመነውን ወይም ለማመን የወሰነውን ሰው በጸሎትና በምሥጢራት በምእመናን ማኅበር ውስጥ የማሳደግ አገልግሎት ሲሆን፣ ቦታውም ቤትና ቁምስና፣ ማለት የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ ነው። ሁለተኛው በትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርተ ሃይማኖት ነው፤ በ1997 ከሮም የወጣው ጠቅላላ የትምህርተ ክርስቶስ መመሪያ እንደሚያስረዳው፣ ይህ እንደ ማንኛውም የዕውቀት ዘርፍ ሥርዓትና ጥልቀት ያለው የትምህርት ዓይነት ሊሆን ይገባል፤ በክፍሉ የሚቀመጡት አማኝም፣ ተጠራጣሪም፣ የሌላ እምነት ተከታይም መሆናቸው የታወቀ ነውና። በእንግሊዝ አገር በካቶሊክ ትምህርት ቤት ከሚማሩት ልጆች ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጡት ካቶሊካውያን አለመሆናቸውን ያወቀ ሰው፣ ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ብቻ የተጻፈ አለመሆኑን ይረዳል።

ይህንኑም በምዘናው ማየት ይቻላል። በ2023 የጳጳሳቱ ጉባኤ «አንተን ይበልጥ በግልጽ ለማወቅ» በሚል አርእስት ባወጣው የትምህርተ ሃይማኖት መመሪያ ውስጥ፣ ልጁ ሦስት ነገሮችን እንዲያደርግ ይጠበቃል፤ እንዲረዳ፣ እንዲመረምርና በራሱ ሕይወት መልስ እንዲሰጥ። ከእነዚህም መምህሩ የሚመዝነው ልጁ የተረዳውንና የመረመረውን ነው፤ የልቡ መልስ በልጁና በአምላኩ መካከል ያለ ነገር ስለ ሆነ ማርክ አይሰጠውም። አንዲት የሙስሊም ወላጆች ልጅ የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ በሚገባ አንብባ፣ አይሁድና ሳምራውያን ለምን ይጠላሉ እንደ ነበር አስረድታ፣ ምሳሌው ለዛሬው ሰው ያለውን ትርጉም ብትጽፍ፣ እምነቷን ሳትለውጥ ከክፍሏ አንደኛ ልትወጣ ትችላለች። ማንንም ያለ ኅሊናው ፈቃድ ወደ ካቶሊክ እምነት ማስገደድ እንዳይቻልም የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕገ ቀኖና በቁጥር 748 ይከለክላል፤ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በዲሴምበር 1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው መግለጫ ይህንኑ አጽንቷል።

ነገር ግን እውነትን እንናገራለን ካልን በግማሽ ልንናገራት አይገባንም። «ትምህርቱ ሁሉንም እምነት በእኩል ዓይን የሚያይ አጠቃላይ ዕውቀት ነው» እያሉ ወላጆችን የሚያጽናኑም ይሳሳታሉ። መምህሩ የሚያስተምረው ቤተ ክርስቲያኒቱ የምታምነውን እውነት ነው ብሎ ነው፤ ከግድግዳው ላይ መስቀል አለ፤ ቀኑ በጸሎት ይጀመራል፤ በበዓላት ቀን ልጆቹ በአንድነት ቅዳሴ ያስቀድሳሉ። የጸሎተ ሃይማኖት ንባብ ላይ ሲደረስም፣ እኛ መንፈስ ቅዱስ ከአብ የሠረጸ ነው የምንለውን የላቲን ሥርዓት ተከታዮች ከአብና ከወልድ የሠረጸ እያሉ ይጸልያሉ፤ የኬልቄዶን ጉባኤ በ451 ያመጣው መለያየትም እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ለሰባት ዓመት ሕፃን እነዚህ ጥልቅ ነገሮች በክፍል ውስጥ አይተነተኑለትም፤ ወላጁ ግን ሊያውቃቸው ይገባል፤ ልጁ አድጎ ሲጠይቀው ሊመልስለት የሚገባው እርሱ ነውና።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚያስፈራውን ወሬ እንይ፤ «ልጁን ዳግመኛ ያጠምቁታል፤ ሦስተኛ ዓመት ክፍል ሲደርስም ሳይነግሩን ያቈርቡታል» የሚለውን። የመጀመሪያው ክፍል ፈጽሞ ተረት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶን ጥምቀትም ቅብዐ ሜሮንም እውነተኛ ምሥጢር አድርጋ ትቀበላለች፤ በሕገ ቀኖናዋ በቁጥር 845 እንደ ተደነገገውም ጥምቀት፣ ሜሮንና ክህነት አንድ ጊዜ ከተፈጸሙ አይደገሙም። በእኛ ሥርዓት ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ በዚያው ዕለት ሜሮን ተቀብተው ሥጋውንና ደሙን ይቀበላሉ፤ ስለዚህ የእኛ ልጅ በእንግሊዝ አገር የክፍል ጓደኞቹ እየተዘጋጁ የሚጠብቁትን ምሥጢር ገና በክርስትናው ዕለት ተቀብሎታል።

የላቲን ሥርዓት ግን ቁርባንን ከጥምቀት ለይቶ ልጁ ክፉና ደጉን ወደሚለይበት ዕድሜ አዘግይቶታል፤ ያም ዕድሜ በብዙ ቦታ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖ ሳለ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ አሥረኛ በ1910 ባወጡት ውሳኔ ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ዝቅ አደረጉት። በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች በሦስተኛ ዓመት ክፍል፣ ሴቶቹ ነጭ ቀሚስ ወንዶቹ ክራባት አድርገው የመጀመሪያውን ቅዱስ ቁርባን ሲቀበሉ የምናየው ከዚህ የተነሣ ነው። ለዚያ የሚደረገው ዝግጅት ግን ከክፍሉ ትምህርት የተለየ ነው፤ ወላጅ ስሙን አስመዝግቦ፣ ፈቅዶ፣ ልጁንም አስከትሎ የሚመጣበት የቁምስናው አገልግሎት ስለ ሆነ፣ ያልተመዘገበ ልጅ በስሕተት የሚገባበት ነገር አይደለም። በክፍሉ ውስጥ ያለው ልጅ ስለ ቅዱስ ቁርባን ይማራል፤ መማር ግን መቀበል አይደለም። በትምህርት ቤቱ ቅዳሴ ጊዜም የማይቈርቡት ልጆች እጃቸውን በደረታቸው ላይ አመሳቅለው ወደ ካህኑ ሲቀርቡ ቡራኬ ብቻ ይሰጣቸዋል፤ ይህ በዚያ አገር የተለመደ ሥርዓት ነው።

እዚህ ላይ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ቀላል የማይባል ነገር አለ። የካቶሊክ ሕገ ቀኖና በቁጥር 844፣ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት አባል የሆነ ምእመን በገዛ ፈቃዱ ቢለምንና በሚገባ የተዘጋጀ ቢሆን ካህኑ ሊያቈርበው እንደሚችል ይፈቅዳል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ለልጆቿ አትፈቅድም። ሮም በ1993 ያወጣችው የአብያተ ክርስቲያናት አንድነት መመሪያም የምሥራቆቹን ሥርዓት ማክበርና የማስኰብለል ጥርጣሬን እንኳ ማራቅ እንደሚገባ ካህናቱን ያሳስባል። ስለዚህ ልጁ በተመዘገበበት ሳምንት ወላጁ ወደ መምህሩ ቀርቦ፣ ልጄ ኦርቶዶክስ ነው፣ ቈራቢ ነው፣ ነገር ግን በራሱ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ይቈርባል ብሎ በግልጽ ቢናገር፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ብዙ ቅሬታ የሚመጣው ይህች አጭር ቃል ሳትነገር ስለምትቀር ነው።

የሚያስተምሩት መነኮሳትና ካህናት ናቸው የሚለው ግምትም ዘመኑ ያለፈበት ነው። ዛሬ ትምህርተ ሃይማኖትን የሚያስተምረው ያው ሒሳብና ንባብ የሚያስተምረው የክፍሉ መምህር ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከ1991 ጀምሮ በሚሰጠው፣ ስምንት ክፍሎች ባሉት የካቶሊክ የሃይማኖት ጥናት ምስክር ወረቀት የሠለጠኑ ናቸው። ጥያቄና መልስ እየተሸመደደ ያለ ማስተዋል የሚደገምበት ዘመንም አልፏል፤ የአሁኑ መመሪያ ዓመቱን በስድስት ቅርንጫፍ ከፍሎ፣ ከፍጥረትና ከኪዳን ተነሥቶ፣ በነቢያት ትንቢትና ተስፋ በኩል ወደ ገሊላና ወደ ኢየሩሳሌም ይወስዳል፤ በዐቢይ ጾም ከምድረ በዳ ወደ ትንሣኤው ገነት ይሻገራል፤ ከዚያም ሐዋርያትን ተከትሎ እስከ ምድር ዳርቻ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ከሌሎች ክርስቲያኖችና ከሌሎች እምነቶች ጋራ የመነጋገርንና የመተዋወቅን ነገር ያስተምራል። ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ መልእክተ ዮሐንስንና ዳዊትን በቃሉ ያጠና ሰው ይህን ሲሰማ፣ በቃል ማጥናት ለምን ተናቀ ብሎ ሊያዝን ይችላል፤ እኔም በዚህ ከእርሱ ጋራ ነኝ፤ በሕፃንነት በቃል የተያዘ ጸሎት በስተርጅና እንኳ ከአፍ አይጠፋምና። ነገር ግን የእኛም ሊቃውንት ንባቡን በቃል ካስያዙ በኋላ ደቀ መዝሙሩን ወደ አንድምታው ትርጓሜ ያሸጋገሩት፣ ያልተተረጐመ ንባብ ብቻውን እንደማይበቃ ስላወቁ ነው።

ሌሎች እምነቶች ጨርሶ አይጠቀሱም የሚለውም ትክክል አይደለም፤ የአይሁድ እምነትና እስልምና ከትምህርቱ ውስጥ ቦታ አላቸው። ለኢትዮጵያዊ ወላጅ በተለይ ደስ ሊያሰኘው የሚገባው ግን፣ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ላቲን አለመሆኗ ነው፤ በግእዝ ሥርዓት የሚቀድሱ የኢትዮጵያ ካቶሊካውያን አሉ፤ በ1548 በሮም ከተማ የግእዝ ሐዲስ ኪዳን ለመጀመሪያ ጊዜ መታተም የጀመረውም ተስፋ ጽዮን በተባለው ኢትዮጵያዊ መነኵሴ ድካም ነው። አንዲት እናት ይህን ታሪክና አንድ የብራና ገጽ ሥዕል ይዛ ወደ ክፍሉ ብትሄድ፣ መምህሩ በደስታ እንደሚቀበላት አልጠራጠርም፤ ልጇም በዚያ ቀን በክፍሉ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ መምህር ይሆናል።

ትምህርተ ሃይማኖቱ ከሳይንስ ጋራ ይጣላል የሚለውን በአጭሩ እናልፈዋለን። ትምህርት ቤቱ የመንግሥቱን የሳይንስ ሥርዓተ ትምህርት ያስተምራል፤ በስድስተኛ ዓመት ስለ ፍጥረታት አዝጋሚ ለውጥ የሚሰጠውም በዚያው ውስጥ አለ። ዓለማት ከአንድ ጥንተ ቅንጣት ተነሥተው እየሰፉ እንደሚሄዱ በ1931 ያስረዳው ቤልጅጋዊው ጆርጅ ለሜትር፣ የአተርን ዘር እያዳቀለ የውርስን ሕግ ያገኘው ግሬጎር ሜንዴል፣ አንዱ ካህን ሌላው መነኵሴ ነበሩ።

«ካቶሊክ ያልሆነ አይቀበሉም፤ ቢቀበሉም ክፍያው የሀብታም ነው» የሚለው ወሬ ብዙ ቤተ ሰብ ሳያመለክት እንዲቀር አድርጓል። እነዚህ በመንግሥት ገንዘብ የሚረዱ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ክፍያ የለባቸውም፤ የመምህራኑን ደመወዝ መንግሥት ይከፍላል፤ ለሕንፃው ወጪ ቤተ ክርስቲያኒቱ የምታዋጣው በ1944 ከነበረው ከመቶ አምሳ እጅ ዛሬ ወደ አሥር እጅ ወርዷል። ታሪካቸውንም ብናይ የድኆችና የስደተኞች ታሪክ ነው። በ1840ዎቹ በደረሰው ታላቅ ረኃብ አገራቸውን ለቀው ወደ ሊቨርፑል፣ ወደ ማንቸስተርና ወደ ለንደን የጎረፉት አይርላንዳውያን ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን እምነት እንዳያጡ ሲሠጉ፣ ጳጳሳቱ በ1847 ለድኆች ትምህርት ቤት የሚሆን ኮሚቴ አቋቋሙ፤ በ1852 የተሰበሰበው የዌስትሚኒስተር ሲኖዶስም ከቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ይልቅ አስቀድሞ ትምህርት ቤት እንዲሠራ መከረ። ስደተኛ ወላጅ ከሳንቲሙ ቀንሶ ያቆማቸው ቤቶች ናቸው፤ እኛም የዚያ ወላጅ ጭንቀት አይጠፋንም።

አመልካቾች ከቦታው በበለጡ ጊዜ ካቶሊካውያን ልጆች እንደሚቀድሙ እውነት ነው፤ ቦታ ከተረፈ ግን የመጣውን ሁሉ መቀበል ግዴታ ነው። ከዚህም በላይ በብዙዎቹ የመግቢያ ደንብ ውስጥ፣ ከካቶሊካውያን ቀጥሎ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ልጆች የሚመደቡበት ተራ አለ፤ የእኛም ልጆች የሚገቡት በዚህ ውስጥ ነው፤ ማስረጃውም የክርስትና ምስክር ወረቀት ነው። ማመልከቻው በየዓመቱ በጃንዋሪ 15፣ ከጥምቀት በዓል ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ስለሚዘጋ፣ ወረቀቱን ከአጥቢያው ካህን በጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተነግሮትም ልቡ ያልተረጋጋ ወላጅ ቢኖር፣ የአገሩ ሕግ መንገድ ትቶለታል፤ በ1870 የተጀመረውና ዛሬ በ1998 ሕግ የጸናው መብት፣ ወላጅ ምክንያት ሳይሰጥ ልጁን ከትምህርተ ሃይማኖቱ በሙሉ ወይም በከፊል፣ ከጋራ ጸሎቱም ጭምር እንዲያወጣ ይፈቅድለታል። እኔ ግን ይህን አልመክርም፤ ጓደኞቹ ስለ አብርሃምና ስለ ዮሴፍ ሲሰሙ ልጁን ብቻውን ሌላ ክፍል ማስቀመጥ፣ ትምህርት ቤቱን ከወደዱ በኋላ ነፍሱን እንደ መጥላት ይቈጠራል።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ወላጅ፣ ትምህርት ቤቱን ተማምኖ ወደ ተቀመጠው እንመለስ፤ ከሁለቱ ይልቅ ለዚህኛው አዝናለሁ። ፈሪው ቢያንስ ልጁን ይጠብቃል፤ ተስፈኛው ግን ትምህርት ቤቱ እሰጣለሁ ያላለውን ነገር ሲጠብቅ ልጁ አድጎ ያመልጠዋል። መምህሩ ስለ ጾም ያስተምረዋል፤ የሁዳዴን አምሳ አምስት ቀን አብሮት የሚጾም ግን መምህሩ አይደለም። ስለ ልደት ያስተምረዋል፤ ትምህርት ቤቱ ከዕረፍት በተመለሰበት ሰሞን በታኅሣሥ 29 ሌሊት ልጁን ቀስቅሶ ነጠላ አልብሶ ወደ ማሕሌት የሚወስደው ግን አባቱ ነው። ቅድስት ሥላሴን፣ እመቤታችንን፣ ተክለ ሃይማኖትን፣ ያሬድን በሚያውቃቸው ስማቸው ጠርቶ የሚያስተዋውቀው የእንግሊዝ ክፍል የለም፤ ሊኖርም አይገባውም፤ ይህ የማን ሥራ እንደ ሆነ ጳጳሳቱ ራሳቸው ሲናገሩ፣ የልጅ ቀዳሚ አስተማሪዎች ወላጆቹ ናቸው ብለው ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ጀምሮ ጽፈውታል።

ስለዚህ፣ ውድ ወላጅ፣ ልጅዎ ዛሬ ማታ ቦርሳውን አውርዶ ሲቀመጥ የትምህርተ ሃይማኖት ደብተሩን ያስከፍቱት፤ የተማረውን በእንግሊዝኛ ይንገርዎ፤ እርስዎ ደግሞ ያንኑ በአማርኛ መልሰው ይንገሩት፤ ከመተኛቱም በፊት በትምህርት ቤት የለመደውን የጌታን ጸሎት በግእዝ «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ያስጀምሩትና አብረውት እስከ ፍጻሜው ይድረሱ።